በሦስት ገጽ የተበተነው ጂን

ጋዜጣ ስናነብ የለመድነው ነገር ነው። ጽሑፉ መሃል ላይ ይቆምና «ወደ ገጽ 14 ዞሯል» ይለናል። ገጽ 14 ስንደርስ ደግሞ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ መሃሉን ሰንጥቆት እናገኛለን። ማስታወቂያውን ዘለን፣ የተቆራረጠውን አያይዘን እናነባለን። በዓይን የማትታይ ባለ አንድ ህዋስ አልጌም ለመኖር የምትሠራው ይህንኑ ነው ብል የማጋንን አይመስለኝም።

ዕፅዋትና አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁት ክሎሮፕላስት በተባለው የህዋሳቸው ክፍል ውስጥ ነው። ክሎሮፕላስት ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት ራሱን ችሎ ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ነበር። በቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ የምናውቀው ስፒሩሊናም የዚሁ ወገን ዘመድ ነው። ያ ባክቴሪያ ሌላ ህዋስ ውስጥ ገብቶ በዚያው ቀረ። አብዛኞቹ ጂኖቹ ጠፉ ወይም ወደ ባለቤቱ ኒውክሊየስ ተዛወሩ፤ ጥቂቱ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ክሎሮፕላስቱ ውስጥ አለ።

ጂን መሃል የሚገባው «ማስታወቂያ» ኢንትሮን ይባላል። ጂኑ ወደ አርኤንኤ ከተገለበጠ በኋላ ኢንትሮኑ ተቆርጦ ይወጣና ግራና ቀኙ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ኢንትሮኖች ሲገኙ ብዙ ሳይንቲስቶች ደንግጠው ነበር። በባክቴሪያዎች ዘንድ ኢንትሮን እምብዛም ስለሆነ ከባክቴሪያ የመጣው ክሎሮፕላስትም ንጹሕ ጽሑፍ ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። ቀይዋ የባሕር አልጌ ፖርፊራ ይህን ግምት አታሳፍርም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተነበበው የክሎሮፕላስቷ ዲኤንኤ 191 ሺህ ያህል ፊደላትና 250 ገደማ ጂኖች ሲኖሩት፣ አንድም ኢንትሮን አልተገኘበትም።

ዩግሊና ግን ሌላ ናት። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተነበበው የእሷ ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ 143 ሺህ ፊደላት ብቻ ሆኖ ሳለ 150 ገደማ ኢንትሮኖች ታጭቀውበታል። የአንድ ተራ ተክል ክሎሮፕላስት 20 ያህል ቢኖረው ነው። ይባስ ብሎ ኢንትሮን ውስጥ የገባ ኢንትሮን ተገኘባት፤ ማስታወቂያ ውስጥ ማስታወቂያ እንደ ማለት ነው። የውስጠኛው አስቀድሞ ካልወጣ የውጨኛው በትክክል አይወጣም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የአረንጓዴዋ ክላሚዶሞናስ ጉዳይ ነው። ብርሃን ከሚቀበሉት ሁለት ማሽኖች አንዱ የሆነው ፎቶሲስተም አንድ ያለ አንድ ዋና ፕሮቲን አይቆምም። የዚህ ፕሮቲን ጂን በክሎሮፕላስቱ ዲኤንኤ ላይ በሦስት የተራራቁ ቦታዎች ተበትኗል። ሦስቱ ቁርጥራጮች ለየብቻቸው ይገለበጡና በኋላ ተፈላልገው ይገጣጠማሉ። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ለማገናኘት ደግሞ ከአራተኛ ቦታ የምትመጣ አጭር አርኤንኤ ታስፈልጋለች። «ወደ ገጽ ይህን ያህል ዞሯል» የሚል ምልክት የለም። ለዚህ ስፌት ብቻ ኒውክሊየስ ውስጥ ያሉ ከአሥር የሚበልጡ ጂኖች ይሠራሉ። አንዱ ከተበላሸ ፎቶሲስተም አንድ አይኖርም፤ አልጌዋም በብርሃን ራሷን መመገብ ያቅታታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትተርፈው የኮምጣጤ ዘመድ የሆነውን አሲቴት ስለሚያበሏት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን ተሸከመች? ለአልጌዋ ስለሚጠቅማት ነው የሚለው መልስ ለእኔ አይዋጥልኝም። አንዳንዱ ኢንትሮን የሚኖረው ለራሱ ነው። እዚያችው ክላሚዶሞናስ ውስጥ የራይቦዞም አርኤንኤ ጂን መሃል የተቀመጠ አንድ ኢንትሮን አለ። ይህ ኢንትሮን የራሱን መቀስ የሚሠራ ጂን ይዟል። መቀሱ ኢንትሮን የሌለበትን ተመሳሳይ ጂን ፈልጎ ይቆርጠዋል። ህዋሱም ቁስሉን ለመጠገን ኢንትሮን ያለበትን ቅጂ አይቶ ሲገለብጥ፣ ኢንትሮኑ ሳይጠራ አዲስ ቤት ገባ ማለት ነው።

ይህ መቀስ 22 ፊደላት ያህል ርዝመት ያለውን ቦታ ለይቶ ስለሚያውቅ የሕክምና ተመራማሪዎችን ዓይን ስቧል። ቅርጹን አሻሽለው ሌላ ቦታ እንዲቆርጥ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ጥናትም የተሻሻለው መቀስ በቫይረስ ተጭኖ ወደ ጦጣዎች ጉበት ከገባ በኋላ ኮሌስትሮል የሚያበዛውን ጂን ቆርጦ፣ በደማቸው ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ቀንሶታል።