ጾመኛውና «ከምግብ በኋላ»

ከዋግ ምድር፣ ከፃግብጂ ቆላ በልጃቸው ተደግፈው ወደ ሰቆጣ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ከአእምሮዬ አልወጣ ብለዋል። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከአንድ መድኃኒት መደብር ባለ 50 ሚሊ ግራም ዲክሎፌናክ ያለ ማዘዣ ገዝተዋል። ትንሿ ፖስታ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «1×3 ከምግብ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል፤ አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ፤ እህል ከቀመስኩ በኋላ ሦስቱንም ባንዴ ነው የምውጣቸው» አሉኝ። ሲመጡ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። ከተባሉት አንዲት አላጎደሉም፤ ሦስት ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ።

የሸጠላቸውም ባለሙያ ቢሆን የተማረውን ነው ያደረገው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ለመደብር ባለሙያዎች ሥልጠና ስሰጥ፣ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ለሚገዛ ሰው ምን ትሉታላችሁ ብዬ ስጠይቅ፣ ክፍሉ እንደ ቅዳሴ ተሰጥዎ በአንድ ድምፅ «ከምግብ በኋላ!» ይላል። ለምን? «ጨጓራ እንዳይጎዳ!» ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን የሚያቆስሉት በዋናነት ደም ውስጥ ገብተው ነው፤ የጨጓራን ግድግዳ የሚከልለው ዝልግልግ ፈሳሽ እንዲመነጭ የሚያደርገውን ፕሮስታግላንዲን ይቀንሳሉ። በመርፌ ቢወሰዱም አደጋው አይቀርም። ምግብ ማቃጠሉን ያስታግስ ይሆናል፤ ከመቁሰልና ከመድማት ያድናል ብሎ የሚያስመካ ማስረጃ ግን የለም። እንዲያውም ማቃጠሉ ሲቀርለት ሰውየው ተማምኖ ይቀጥላል፤ ደም ፈስሶ ሰገራው እስኪጠቁር ምልክት ላያይ ይችላል።

አደጋውን የሚያከብዱት ሌሎች ናቸው፤ ዕድሜ፣ ከዚህ በፊት የደማ ጨጓራ፣ የመድኃኒቱ መጠንና የቀኑ ብዛት፣ አብሮ የሚወሰድ አስፒሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን። የኩላሊት ጉዳቱ ደግሞ ከምግብ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው በተከዜ ሸለቆ ሙቀት ውኃ ሳይጠጣ ውሎ ዲክሎፌናክ ቢጨምርበት፣ ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ከእነዚህ አንዱንም ሳንጠይቅ «ከምግብ በኋላ» ብለን መድኃኒቱን ስናስረክብ መክረናል ብለን እናምናለን።

በእንግሊዝ ፋርማሲዎች ባንኮኒ ላይ የሚቆሙ ሠራተኞች የሚማሩት የታወቀ የአምስት ጥያቄ ልማድ አለ፦ መድኃኒቱ ለማን ነው፣ ምን ያመዋል፣ ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው፣ እስካሁን ምን ተደረገለት፣ ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ እኔም አስተምራቸዋለሁ። ነገር ግን ከአምስቱ አንዱም «ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት?» አይልም። የተጻፉት ቁርስ፣ ምሳና እራት ለማይጎድልበት ሰው ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ በሚጾምበት አገር ስድስተኛውን ጥያቄ ካልጨመርን የቀሩት ባዶ ናቸው። የታመመ ሰው ጾሙ ሊላላለት እንደሚችል አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አንድ የሰባ ዓመት አባት በጉልበት ሕመም ጾም ይሽራሉ ብሎ የሚጠብቅ ባለሙያ ዋግን አያውቃትም።

ሠልጣኞቼ «እንዲህ ያለውን መጠየቅ ነውር አይሆንም ወይ?» ይሉኛል። በእርግጥ የአጠያየቅ ነገር አለው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ የዋግን ወረዳዎች ፃግብጂን፣ አበርገሌንና ሰሃላን በመታ ጊዜ፣ «በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?» ማለት የሰውን ጓዳ መክፈት ነበር። «አባቴ፣ እስከ ስንት ሰዓት ይጾማሉ?» ሲባሉ ግን፣ በጾምም በእጦትም ያልበላ ሰው ሳያፍር ይመልሳል። የምንፈልገው ሰዓቱን ነው፤ ምክንያቱን ለራሳቸው እንተውላቸው። መረዳታቸውንም እናረጋግጥ፤ አገውኛ እየተናገሩ ላደጉ እናት በአማርኛ አነብንበን «እሺ» ሲሉን ገብቷቸዋል ብለን አንለፍ። «እስቲ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ብንላቸው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የአዛውንቱም የሦስት ፍሬ ስሌት እዚያው ባንኮኒው ላይ ይታወቅ ነበር።

የፋርማሲ ትምህርት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በበሽተኛው ላይ ያተኮረ የአምስት ዓመት ትምህርት ሆኗል፤ ለውጡን አከብራለሁ። ሆኖም ተማሪው ይበልጥ የሚለማመደው ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙት ላይ ነው። ገጠር ላይ ከባንኮኒው ጀርባ የምናገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ በዲፕሎማ የወጣ ቴክኒሻን ነው። የሙያ ፈቃድ ለማደስ የሚሰጠው ተከታታይ ሥልጠናም በስላይድ ተጀምሮ በስላይድ ያልቃል፤ ፈተናው የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት ከአራት አማራጭ አስመርጦ ያሳልፋል። አንድ ሠልጣኝ ጾመኛ ሆኖ የሚቀርብ ሰው ፊት ቆሞ ሲጠይቅ ሳይታይ እንዴት ያልፋል?

ገበያውም አያግዝም። ያለ ምግብ ሊወሰድ የሚችለውንና ጨጓራ የማያቆስለውን ፓራሲታሞል ስንሰጥ ገዢው «ይቺማ ምን ትሠራለች?» ብሎ ወደ ጎረቤት መደብር ይሻገራል። ለእሱ ደህና መልስ አለ፦ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ፍሬ ውጦ ንቆት ይሆናል፤ ጉበቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሁለት ፍሬ በስድስት ሰዓት ልዩነት መውሰድ ይችላል፣ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ ግን አያልፍም። ይህን ሳንነግረው ለቀቅነውና ለዲክሎፌናክ ሰጠነው። በተቅማጥ ጊዜ በሚጠጣው ኦአርኤስም ምክራችን እንዲሁ የጎደለ ነው። እናቲቱን «በአንድ ሊትር በጥብጪ» እንላታለን፤ በግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልታ እንድትለካ ማሳየት የሚከብደን ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ለሥልጠና አዘጋጆች የምለው አጭር ነው፦ ስላይዱን ቀንሱ፣ ጠያቂነትን ፈትኑ። መድኃኒት ለምትገዙ ደግሞ፣ ባለሙያው ባይጠይቃችሁም እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሙ፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ፣ ጨጓራችሁ ደምቶ ያውቅ እንደሆነ ንገሩት። የሕመም ማስታገሻ እየወሰዳችሁ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ፖስታውንም ይዛችሁ።