ፈተና ሻጩና አምስቱ አሃዞች

ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተጀመረበት ዕለት ተሰረዘ፤ የእንግሊዝኛው ጥያቄ አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛዎች ተሰራጭቶ ተገኝቷልና። ዓመቱ ለምዕራብ ሸዋ ተማሪዎች አስቀድሞም ከባድ ነበር። በኅዳር ወር ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ብዙ የኦሮሚያ ትምህርት ቤቶችን ከትምህርት አስተጓጉሎ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ «ፈተናው ወጥቷል» የሚል ወሬ አማኝ አያጣም፤ አንድ ጊዜ እውነት ሆኖ ታይቷልና።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው መፈተን ሲጀምሩ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ከጌዶ ወይም ከጉደር ልጁን ለሚልክ ቤተሰብ ይህ አኃዝ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ መናገር አያሻም። ፈተና ሻጩ የሚነግደውም በዚሁ ድንጋጤ ነው።

ዘዴውን እንመልከት። ሻጩ በቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ከፈተናው በፊት አንድ ተራ መልእክት ይለጥፋል። ፈተናው ካለቀ በኋላ ጥያቄዎቹን አግኝቶ ያንኑ መልእክት ያርመዋል። ቴሌግራም መልእክቱ ሲታረም የመጀመሪያውን ቀንና ሰዓት አይለውጥም፤ «ኤዲትድ» የምትል ትንሽ ምልክት ብቻ ትጨመራለች። ሻጩ ምልክቷን ቆርጦ ባወጣበት ፎቶግራፍ ላይ ግን ፈተናው ከሁለት ቀን በፊት እጁ የገባ ይመስላል። በሚቀጥለው ዓመት ይህን «ማስረጃ» ይዞ ብር በቴሌብር ላኩልኝ ይላል።

ብር የሌለው ተማሪስ? እርሱ ሌላ ነገር ይጠየቃል። «ስልክህን ላክ፤ የሚደርስህን ኮድ ንገረኝና በነፃ አስገባሃለሁ።» ከብሩ ይልቅ ይህ የከፋ ነው እንላለን። ሻጩ በተማሪው ስልክ ቁጥር ቴሌግራም ለመክፈት ሲሞክር ኮዱ ወደ ባለቤቱ ይላካል። ባለ5 አሃዝ ኮድ 100,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳቱ ደግሞ ሥርዓቱ ይዘጋል። ስለዚህ ኮዱን ከመገመት ባለቤቱን መጠየቅ እጅግ ይቀላል። የጥንቃቄው መልእክት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሲመጣ፣ ልመናው ግን በአፋን ኦሮሞ በጓደኛ አነጋገር መምጣቱም ለአጭበርባሪው ትልቅ እገዛ ነው።

ኮዱ ከተሰጠ በኋላ ሌባው በተማሪዋ ስም ከአጎቷ ገንዘብ ይበደራል፤ የላከቻቸውን ፎቶግራፎች ይሰበስባል፤ ከዚያም «ለክፍልሽ ልጆች እበትነዋለሁ» ብሎ ያስፈራራል። እንደ አምቦ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ዛቻ ልጅን ከትምህርት ሊያስቀር ይችላል። በኮምፒውተር እንዲህ ማስፈራራት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ቴሌግራም «ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚባል ተጨማሪ የይለፍ ቃል አለው። ይህን ያበጀ ተማሪ ኮዱን ተታሎ ቢሰጥ እንኳ ሌባው የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ አይገባም። ያላበጀውም ተስፋ አይቁረጥ። አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ በራሱ ስልክ «ዲቫይስ» የሚለውን ገጽ ከፍቶ እንግዳውን መሣሪያ ማስወጣትና የይለፍ ቃል ማበጀት ይችላል።

ይህች አንድ ቀን የምትባክነው ግን በአብዛኛው በዝምታ ነው። ፈተና ሊገዛ የሞከረ ልጅ ለመምህሩም ለአባቱም መናገር ያፍራል። እኛ መምህራንን የምንለምነው ልጁ ሲመጣ ቁጣውን ለነገ አሳድረው በመጀመሪያ ስልኩን አብረውት እንዲከፍቱ ነው።