የራዲያተር ውሃ መቀነስ በእድሜ በገፉ ተሽከርካሪዎች ላይ የሞተር ጉዳት ያስከትላል

በእድሜ የገፉ ተሽከርካሪዎች በተለይም ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን እንደሚወስደው የዓባይ ሸለቆ ባሉ ረጃጅም ዳገቶች ላይ ሞተራቸው ከመጠን በላይ ከሚግልባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የራዲያተር ውሃ መፍሰስ ነው።

ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይፈላል። በተሽከርካሪ ውስጥ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የሚታመቀው ግፊት ነው። በመሆኑም የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ወይም ቱቦ ሲሰነጠቅ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል።

ፍሳሹን ለመለየት በቅድሚያ በቀዘቀዘ ሞተር ላይ ውሃውን እስከ ልኩ መሙላት፣ ከዚያም ሞተሩን አስነስቶ ቱቦዎችን፣ የውሃ ፓምፑንና የራዲያተሩን መጋጠሚያዎች መመልከት ያስፈልጋል። በመጋጠሚያዎች ላይ የሚታይ እርጥበት፣ የደረቀ ነጭ ቅሪት ወይም ዝገት የሚፈስበትን ቦታ ይጠቁማል።

ውሃው በውጭ ሳይፈስ የሚቀንስ፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ የማያቋርጥ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላሸቱን ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ሁኔታ ጉዞ መቀጠል ቴስታታውን ስለሚያጣምመው ተሽከርካሪውን ወደ ጋራዥ ማስጎተት ይመረጣል።

የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ መስመር ሲጠጋ አሽከርካሪው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋትና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይኖርበታል። በጋለ ሞተር ላይ ክዳኑን መክፈት የታመቀው ውሃ ተስፈንጥሮ ከባድ ቃጠሎ እንዲያደርስ ያደርጋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት መጨመርም ሞተሩን ሊሰነጥቀው ይችላል።