ኳሱ አየር ላይ ሳለ፦ የኔትቦል መከላከል ለተማሪዎች እንዴት ይሰጣል

ቅርጫት ኳስ የሚያውቅ ሰው ኔትቦልን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ግራ የሚያጋቡት ተከላካዮቹ ናቸው። ኳስ የያዘችውን ልጅ ተጠግተው አያጨናንቋትም፤ ከእጇም ለመንጠቅ አይሞክሩም። አንዷ ክንዶቿን ወደ ላይ ዘርግታ ራቅ ብላ ትቆማለች። ሌሎቹ ኳስ ያልያዙትን ተጫዋቾች እግር በእግር ይከተላሉ። ኳሱ ከእጅ ሲለቀቅ ግን ከመካከላቸው አንዷ ተወርውራ ትቀልበዋለች። ይህን ያመጣው የተጫዋቾቹ ጨዋነት ሳይሆን ደንቡ ነው። በኔትቦል ኳስ በእጅ እስካለ ድረስ የያዥዋ ነው፤ ተከላካይ ልትወስደው የምትችለው ከአንዷ እጅ ወጥቶ ሌላዋ እጅ ሳይገባ ነው። መከላከልን የሚያስተምር የስፖርት መምህር ሥራ ሁሉ ተማሪዎቹን ለዚህች አጭር ጊዜ ማዘጋጀት ነው።

የደንቡ ሥር ሩቅ ነው። ጄምስ ናይስሚዝ በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ቅርጫት ኳስን በ1891 (እ.ኤ.አ.) ፈጠረ። በቀጣዩ ዓመት ሰንዳ ቤረንሰን የተባለች የስሚዝ ኮሌጅ መምህርት ጨዋታው ግፊያና ትግል እንዳይበዛበት ለሴት ተማሪዎቿ አሻሻለችው፤ ሜዳውን ለሦስት ከፈለች፣ ከእጅ መንጠቅን ከለከለች፣ ኳስ ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይያዝም ወሰነች። ጨዋታው በ1893 ለንደን ውስጥ ሃምፕስቴድ ወደነበረው፣ ስዊድናዊቷ ማርቲና በርግማን ኦስተርበርግ ወደምትመራው የሴቶች የሰውነት ማጎልመሻ ኮሌጅ ገባ። በ1901 እንግሊዝ ውስጥ የራሱ ደንብ ታተመለት፤ ከዚያም በትምህርት ቤቶች አድርጎ ብሪታንያ ወደምትገዛቸው አገሮች ተዛመተ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1963 በእንግሊዟ ኢስትቦርን ተካሄደ። አፍሪካ ውድድሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተናገደችው በ2023፣ በኬፕታውን ነው። በኢትዮጵያ ኔትቦል የተለመደ ባይሆንም፣ ለንደንና ሜልቦርን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ግን ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሊያገኙት የሚችሉት ጨዋታ ነው።

መከላከልን ለመረዳት ሜዳውን ማወቅ ያስፈልጋል። ርዝመቱ 30.5 ሜትር፣ ስፋቱ 15.25 ሜትር ሲሆን ለሦስት እኩል ቦታ ይከፈላል። በሁለቱም ጫፍ 4.9 ሜትር ሬዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ተሰምሯል። የግቡ ቀለበት 3.05 ሜትር ከፍታ ባለው ቋሚ ላይ ይታሰራል፤ ከኋላው ሰሌዳ የለውም። በአንድ ቡድን ሰባት ተጫዋቾች አሉ፤ እያንዳንዷ የቦታዋ ምሕጻረ ቃል የተጻፈበት ሰደርያ ትለብሳለች፤ ከተመደበላት ክልልም አትወጣም። ሦስቱ የመከላከል ኃላፊነት ይበዛባቸዋል። ግብ ጠባቂዋ በራሷ የሜዳ ሲሶ ውስጥ ብቻ ትንቀሳቀሳለች። የግብ ተከላካይዋ ከዚያ በተጨማሪ መሐል ሜዳ ትገባለች። የክንፍ ተከላካይዋም እንዲሁ ናት፤ ግማሽ ክቡ ውስጥ መግባት ግን አይፈቀድላትም። በኳስ መሮጥም ሆነ ኳስ እያነጠሩ መሄድ ስለማይቻል ሜዳውን የሚያቋርጠው ቅብብል ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቅብብል ለተከላካይ አንድ ዕድል ነው።

መምህራን ትምህርቱን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ኳስ ያልያዘችን ተጫዋች መያዝ ነው። ጀማሪዎች እዚህ ላይ የሚያሳዩት ጠባይ አንድ ዓይነት ነው፤ ወይ ኳሱን ብቻ እያዩ የያዟትን ልጅ ይረሳሉ፣ ወይ ልጅቷን ብቻ እያዩ ኳሱ በጆሯቸው ሥር ያልፋል። መፍትሔው አቋቋም ነው። ተከላካይዋ ከአጥቂዋ ፊት ገባ ብላ፣ ጀርባዋን በከፊል ለእሷ ሰጥታ፣ ሰያፍ ትቆማለች፤ እንዲህ ስትሆን አንገቷን ሳታመላልስ ሁለቱንም በዓይኗ ጠርዝ ታያለች። ጉልበቷን ለዘብ አድርጋ ክብደቷን በእግሯ ፊት ላይ ታሳርፋለች፤ እርምጃዋ አጭርና ፈጣን ይሆናል። ክንዶቿን ወደ ሰውነቷ ትሰበስባለች፤ ኳስ ያልያዘችን ተጫዋች ክንድ ዘርግቶ በቅርብ መጋረድ ጥፋት ነውና።

ለዚህ ደረጃ የሚሰጠው ልምምድ ኳስ እንኳ አይፈልግም። ሁለት ሁለት ሆነው በትንሽ ክልል ውስጥ ይገባሉ፤ አንዷ እያታለለች ለማምለጥ ትሞክራለች፣ ሌላዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በእግሯ ብቻ ትከተላለች። ቀጥሎ ሦስተኛ ተማሪ በኳስ አቀባይ ቦታ ፊት ለፊት ቆማ ጣቶቿን ታሳያለች፤ ተከላካይዋ አጥቂዋን ሳትለቅ የጣቶቹን ቁጥር ጮክ ብላ ትናገራለች። ቁጥሩን ከሳተች ኳስ አቀባይዋን እያየች አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ኳሱ ከተያዘ በኋላ ይመጣል። ተከላካይዋ ቢያንስ 0.9 ሜትር መራቅ አለባት፤ ርቀቱ የሚለካው ከያዥዋ ያረፈ እግር እስከ ተከላካይዋ ቅርብ እግር ነው። ልጆች ይህን በዓይን መገመት ስለሚቸግራቸው መምህሩ 90 ሳንቲ ሜትር ገመድ ወይም ዱላ መሬት ላይ ያስቀምጣል። ልምምዱ ግልጽ ነው፤ ባልደረባዋ ኳስ ስትቀልብ ተከላካይዋ ፈጥና ወደ ኋላ ትዘላለች፣ ሚዛኗን ትጠብቃለች፣ ከዚያ ክንዶቿን በኳሱ መውጫ ላይ ትዘረጋለች። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ክንዷን አስቀድማ እግሯን ያስከተለች ልጅ ርቀቱን ትጥሳለች፤ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋም ኳሱ ለተቃራኒ ተሰጥቶ እሷ ከኳስ አቀባይዋ ጎን ቆማ፣ ኳሱ እስኪለቀቅ ከጨዋታው ውጭ ትሆናለች። ለአንድ ቅጽበትም ቢሆን ቡድኗ በስድስት ሰው ይከላከላል።

ሦስተኛውና ተማሪዎች የሚወዱት ደረጃ ኳስ ማቋረጥ ነው። እዚህ የሚበላሸው አብዛኛው ነገር ሰዓቱ ነው። ቀድማ የተነሳች ልጅ፣ ፍጹም ቅጣት ምቱ ሳይመታ እንደወደቀ በረኛ፣ ሐሳቧን ለተቃራኒዋ ትገልጣለች፤ አቀባይዋም ኳሱን ወደ ሌላ ትልከዋለች። ስለዚህ ትምህርቱ መዘግየትን ማስተማር ነው። ተከላካይዋ የአቀባይዋን ትከሻና ክንድ ታነባለች፤ የምትነሳው ኳሱ ከጣቶቹ ሲላቀቅ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ አቅጣጫ ነው። ወደ ተቀባይዋ የሮጠች ትጋጫለች፣ ንክኪም ጥፋት ነው። ወደ ኳሱ መንገድ በሰያፍ ወደፊት የሄደች ግን ከተቀባይዋ ቀድማ ትደርሳለች። በሁለት እጅ መያዝ ከቻለች መልካም፤ ካልቻለች በአንድ እጅ ነክታ ወደ ጓደኛዋ ማስቀየር ይበቃታል። ከቀለበች በኋላም እፎይታ የላትም፤ በሚዛን ማረፍና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ማቀበል አለባት።

ልምምዱ ከሁለት አቀባዮችና ከአንዲት ተከላካይ ይጀምራል። ተከላካይዋ መጀመሪያ ከተቀባይዋ ኋላ ትቆማለች፤ ኳሱም ረጅምና ቀስ ያለ ይሆንላታል። ሲለመድ ቅብብሉ ይፈጥናል፣ ሦስት ለሦስት ይሆናል፣ በመጨረሻም ወደ ሙሉ ጨዋታ ይገባል። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሰጠው ንግግር ነው። ሁለት ተከላካዮች ወደ አንድ ኳስ ከተወረወሩ ከኋላቸው ነጻ አጥቂ ይቀራል፤ ስለዚህ «የኔ!» እና «ተመለሽ!» ማለትም እንደ ሩጫው ይለመዳል። ለትናንሽ ልጆች ነገሩ ይቀልላል፤ በአውስትራሊያ የጀማሪዎች ፕሮግራም ቀለበቱ ወደ 2.4 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ኳሱም ያንሳል።

የበሰሉ ተጫዋቾች ደግሞ ወጥመድ ይማራሉ። ከአጥቂዋ ሆን ብለው ትንሽ ይርቃሉ፤ አቀባይዋ ክፍተቱን አይታ ስትልክ ይዘጉታል። ይህ ረጅም ክንድና ትዕግሥትን አንድ ላይ ይጠይቃል። የጃማይካዋ ሻሜራ ስተርሊንግ ስሟ የተነሳው በዚህ ነው። በስድስት የዓለም ዋንጫዎች የተሰለፈችው የእንግሊዟ ጌቫ ሜንተርም መከላከል ረጅም ዕድሜ ያለው ሙያ መሆኑን አሳይታለች።

መምህሩ ውጤቱን ሲመዝን የተቋረጡ ኳሶችን ብቻ ከቆጠረ ይሳሳታል። ሰባቱም ተጫዋቾች የየራሳቸውን ሰው በደንብ ከያዙ፣ ኳስ የያዘችው ልጅ ወዲህ ወዲያ እያየች ሦስት ሰከንዷ ያልቃል፤ ዳኛውም ኳሱን ለተከላካዮቹ ይሰጣል። ማንም ኳሱን አልነካም፣ ማንም አልዘለለም፤ ኳሱ ግን ተገኝቷል። ልምድ ያለው መምህር ለኳስ ማቋረጥ አንድ ነጥብ ከሰጠ ለዚህ ሁለት ይሰጣል፤ አንደኛው በአንዲት ልጅ ፍጥነት የተገኘ ሲሆን ሁለተኛው ግን ከሰባቱ አንዷ ብትዘናጋ አይገኝም ነበር።