ከአምባሰል ቁልቁለት በፊት፦ የአሮጌ ፒካፕ ፍሬን ትውውቅ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ የምትገኘው ሐይቅ ከተማ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ። መንገዱ ከሐይቅ ወዲያም በአምባሰል፣ በውጫሌ በኩል አድርጎ ወደ መርሳ ቆላ ይወርዳል። መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ሊሳለም የሚሄደውን ሕዝብ ከዚህም የባሰ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በእነዚህ መንገዶች እህል፣ ሲሚንቶና ሰው ጭኖ የሚመላለሰው ፒካፕ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ የጠገበ ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ነው።

ባለቤቱ የሞተሩን ዓይነት በቃሉ ይናገራል። የፍሬኑን ዓይነት ግን የሚያስበው መለዋወጫ ሱቅ ቆሞ ሲጠየቅ ነው። ሊብሬው ላይ አልተጻፈም። ቢጻፍም ብዙ እጅ የዞረ መኪና የፊት እግሩ ከሌላ ሞዴል ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላልና ማመን የሚገባው ዓይንን ነው።

ጎማ መፍታት እንኳ አያስፈልግም። በቸርኬው ቀዳዳ የስልክ መብራት ያብሩ። ፊቱ የተወለወለ ጠፍጣፋ ብረትና እሱን ከዳር የነከሰ ካሊፐር ከታየ ዲስክ ነው። ድስት የተደፋ የሚመስል፣ ዝገት የለበሰ ድፍን ብረት ከሆነ ታምቡሮ ነው፤ ሸራዎቹ ውስጡ ተደብቀዋል። ቶዮታ በ1960 ዓ.ም. ያወጣው የመጀመሪያው ሃይሉክስ አራቱም እግሩ ታምቡሮ ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ አሮጌዎች ግን ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡሮ ናቸው።

ዲስክም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ካሊፐሩ የማይንቀሳቀስ ሲሆን ፒስተኖቹ ከግራና ከቀኝ ይገፋሉ፤ በብዙ ፎር ዊል ሃይሉክሶች ላይ የሚገኘው ይህ ባለ አራት ፒስተኑ ነው። በሁለተኛው ፒስተን ያለው በውስጥ በኩል ብቻ ነው፤ ካሊፐሩ ራሱ በፒን ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ሸራ ይስባል። በዚህኛው ላይ የውስጡ ሸራ አልቆ የውጪው አዲስ መስሎ ከተገኘ ፒኑ ደርቋል ማለት ነው። ሸራ ብቻ ቀይሮ መሄድ ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ከፊትም ታምቡሮ ያለው መኪና ካጋጠመ ይከፈትና ሸራዎቹን የሚገፉት ትንንሾቹ ፖምፓዎች ይቆጠሩ። ሁለት ሆነው እያንዳንዳቸው አንድ ሸራ ብቻ የሚገፉ ከሆነ ፍሬኑ ወደ ፊት ሲነዱ ብርቱ፣ ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ ደካማ ነው። አቀበት ላይ ጭነት ይዞ የቆመ ሾፌር ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን ከኋላ ዲፈረንሻሉ አጠገብ ያለች አንዲት ቀጭን ዘንግ ናት። አንዱ ጫፏ ከኋላ አክስሉ ጋር፣ ሌላው ሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር ተያይዟል። ጭነት ሲበዛ አካሉ ዝቅ ስለሚል ዘንጓ ቫልቩን ታንቀሳቅሳለች፤ ለኋላው ፍሬን የሚደርሰው ግፊት ይጨምራል። ባዶ ሲሆን ትቀንሳለች፤ አለዚያ የኋላ ጎማ ቶሎ ተይዞ መኪናው ይዞራል። እንግዲህ ብዙ ለመጫን ተብሎ ባሌስትራ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ይታሰብ። መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞም ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ቫልቩ ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ግፊት ይቀንሳል። ቁልቁለቱን የፊቱ ዲስክ ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላልም። ባሌስትራ ያስጨመረ ሁሉ የዚህችን ዘንግ ልክ ማስተካከል ግዴታው ነው እላለሁ።

አሁን ኮፈኑን ይክፈቱ። ከፔዳሉ ትይዩ ያለው ክብ ጥቁር ቆርቆሮ ሰርቮ ነው፤ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው እሱ ነው። ሰርቮ ከሌለ መኪናው በእግር ጉልበት ብቻ የሚቆም የጥንት ሥሪት ነው። ለመፈተን ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉ እስኪጠጥር ደጋግመው ይርገጡ፤ እንደረገጡ ሞተሩን ሲያስነሱ ፔዳሉ ትንሽ ሰመጥ ካለ ሰርቮው ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ለሰርቮው የሚሆነውን የአየር መሳብ በራሱ ስለማይፈጥር፣ በብዙ የቶዮታ ናፍጣዎች ላይ ከዲናሞው ጀርባ የምትዞር ትንሽ ፓምፕ ተገጥማለታለች። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ያቺን ፓምፕም ያቆማታል፤ ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ሁለት ክፍል ካለው መስመሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ያቆማል። አንድ መስመር ብቻ ባለው ጥንታዊ መኪና ግን አንድ ቱቦ ከፈነዳ ፍሬን የሚባል አይቀርም። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉም እግር ሥር ሰምጦ ይቀራል።

የእጅ ፍሬንም ይታይ። በአሮጌ የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች ላይ የእጅ ፍሬኑ የራሱ ትንሽ ታምቡሮ አለው፤ የሚይዘውም ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን የማስተላለፊያ ዘንግ ነው። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ግን ገመዱ የኋላ ታምቡሮውን ሸራ ይስባል፣ ሸራው ሲያልቅም ክፍተቱን የሚያጠብበው ይኸው መሳቢያ ነው። ከታምቡሮው ጀርባ የምትታየው የመሳቢያዋ ክንድ በጭቃ ትያዛለች። ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጎ የሚያቆምና የእጅ ፍሬን የማይነካ ሾፌር የኋላ ሸራው ሳይስተካከል ይኖራል፤ ፔዳሉም በየወሩ እየጠለቀ ይሄዳል። ክንዷ ታጥባ ግራሶ ትቀባና የእጅ ፍሬኑ ደጋግሞ ይሳብ። ፔዳሉ ያኔም ካልተነሣ ታምቡሮው መከፈት አለበት።