«እኔ ሶደሬን የማውቀው ከዛፉ ሥር ነው»

ልጅ ሳላችሁ ሶደሬ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ሶደሬ ካልሆነ ላንጋኖ፣ ላንጋኖ ካልሆነ ሆራ፣ እሱም ካልሆነ እንጦጦ ወይም አምቦ? አዲስ አበባ ያደገ ብዙ ሰው ቢያንስ ለአንዱ «አዎ» ማለቱ አይቀርም። መኪና ያለው በመኪናው፣ የሌለው በአባቱ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ ወይም የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ በተከራየው አውቶቡስ ሄዷል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተጣቦ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ እየዘመረ የሄደም አለ። የሐረርና የድሬዳዋ ልጅ «የእኛስ ሐሮማያ ነበር» ይላል፤ የሐዋሳው ልጅ ወንዶ ገነትን ይጠራል።

እነዚያ ልጆች ዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። የራሳቸውን ልጆች ይዘው ወደዚያው ቦታ መመለስ ያምራቸዋል። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣውም ቢሆን ሻንጣውን ካወረደ ሳምንት ሳይሞላው «እስቲ ሶደሬን ልየው» ይላል። ደርሶ ሲመለስ ታዲያ ከብዙዎቹ አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፦ «ትንሽ ሆነብኝ!»

ቦታው የጠበበው በከፊል እኛ ስላደግን ነው። ውኃው እስከ አገጩ ለሚደርስ ልጅ መዋኛ ገንዳ ማለት ባሕር ነው። መንገዱም እንዲሁ ነበር። ያኔ ናዝሬት እንላት ወደነበረችው አዳማ የሚወስደው መንገድ በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በዱከም፣ በደብረ ዘይትና በሞጆ መካከል ያልፋል። በየከተማው መኪናው ቀስ ሲል በመስኮት ብርቱካን የሚዘረጋ እጅ ነበር፤ «ደረስን ወይ?» የሚለው ጥያቄም ከአቃቂ ጀምሮ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ግን እነዚህን ከተሞች ወደ ጎን ትቷቸው ያልፋል። ልጆቻችን ከኋላ ወንበር ሆነው ገና አንድ ፊልም በስልክ አይተው ሳይጨርሱ አዳማ ይደርሳሉ። ከዚያ ሶደሬ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። እንግዲህ ለእኛ ግማሽ ቀን የነበረው ጉዞ ለእነሱ አንድ እንቅልፍ ሆኗል ማለት ነው።

ቦታዎቹም ቢሆኑ እንደነበሩ አልጠበቁንም። በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ ቤተሰብ ሰሌን አንጥፎ ይቀመጥበት የነበረው ዳርቻ ዛሬ በብዛት በሆቴልና በሎጅ አጥር ውስጥ ገብቷል። ላንጋኖን ለማየት የሄደ ሰው ከመንገዱ ማዶ አብጃታን ቢፈልግ፣ ውኃው ከድሮው ዳርቻ ምን ያህል እንደሸሸ አይቶ ያዝናል፤ ለሶዳ አሽ ፋብሪካና ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ለመስኖ የተቀዳው ውኃ ሐይቁን በእጅጉ ቀንሶታል። ሐሮማያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጭራሽ ደረቀ። ጀልባ ይንሳፈፍበት በነበረው መሬት ላይ ከብት ሲግጥ ያየ የሐረር ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ደስ የሚለው፣ በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየት ጀምሯል።

በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 የተጻፈውን ታስታውሱ ይሆናል። የአዲሱ ቤተ መቅደስ መሠረት ሲጣል የመጀመሪያውን ያዩት ሽማግሌዎች ያለቅሳሉ፣ ሌሎቹ በደስታ ይጮኻሉ፤ ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ለቅሶውና እልልታው አይለይም። ሦስት ትውልድ በጫነች አንዲት መኪና ውስጥም ይኸው ይሆናል። ልጅ «ዋው! ውኃ!» ሲል አያት «አይ፣ ይኼ ሁሉ አጥር የት ነበር?» ትላለች። መሐል የተቀመጠው ጎልማሳ የየትኛውን ስሜት እንደሚይዝ ይቸግረዋል።

እናታችን የነገረችን ሌላ ሶደሬ

አምና ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ እኛም ወንድምና እህቶች ተሰብስበን እናታችንን ይዘን ሶደሬ ወረድን። አባታችን ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። እናታችን 76 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አንደበቷ እንዳለ ነው። ታናሽ እህታችን ከሜሪላንድ መጥታለች። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው እንዲሆን የፈለገችው እሷ ነበረች። ዶሮው በአገልግል፣ ሻዩ በፔርሙስ፣ ድፎ ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተዘጋጀ። አሮጌውን የፎቶ አልበምም ያዘች።

በአዋሽ ዳር ካሉት ትልልቅ ዛፎች በአንዱ ሥር ተቀመጥን። ጦጣዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ገና ጨርቁን ሳንፈታ አንዷ ዳቦ ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጣች፣ ልጆቹም በሳቅ ሞቱ። ይህን ጊዜ ታላቅ ወንድማችን ወደ እናታችን ዞር ብሎ «እማዬ፣ ያኔ ፍል ውኃው ውስጥ ስትገቢ ትጮኺ ነበር አይደል?» አላት።

እናታችን ሳቀች። «እኔ? እኔ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። እኔ ሶደሬን የማውቀው ከዛፉ ሥር ነው» አለች።

ሁላችንም ዝም አልን። እሷ ግን የወቀሳ መልክ በሌለው ድምፅ ትረካዋን ቀጠለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች። ድፎው ትኩስ ሆኖ እንዲሄድ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ትጋግራለች። ሶደሬ ስንደርስ እኛ ወደ ውኃ ስንሮጥ እሷ ምግቡን ከጦጣ ትጠብቃለች፤ አዋሽ ውስጥ አዞ ስላለ ደግሞ ዓይኗን ከእኛ አትነቅልም። «ስድስት ራስ ነበር የምቆጥረው» አለች፤ «እናንተ አራት፣ የጎረቤት ልጆች ሁለት። ስድስት ከሞላ ሽንኩርቴን እልጣለሁ፣ አምስት ከሆነ እነሳለሁ»። ማታ ቤት ስንገባ እኛን ተሸክመው ያስተኙናል፤ የእሷ ሥራ ግን ገና ነው፤ ሳህኑና ድስቱ ሁሉ ይጠብቃታል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቢሮ ትገባለች።

«ታዲያ በየዓመቱ ለምን ትሄጂ ነበር?» አለች እህታችን። ድምፅዋ ተቀይሯል።

«አባታችሁን ታውቁታላችሁ፣ ቤት ውስጥ ወሬ አያውቅም። መኪና ውስጥ ግን ያወራ ነበር። ሞጆን ካለፍን በኋላ አፉ ይፈታል። ስለ ሥራው፣ ስለ እናቱ፣ ስለሚፈራው ነገር ሳይቀር ያወራኛል። እናንተ ከኋላ ተኝታችኋል። እኔ የምሄደው ለዚያ ነበር» ብላ መለሰች።

አንድ ቤተሰብ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ቀን፤ ግን ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ነበሩ ማለት ነው። ያ የፊት ወንበር ወሬ በማናችንም ትዝታ ውስጥ የለም፤ ከእሷ በስተቀር የሚያውቀው ሰውም የለም። በዚያ ቅዳሜ ባንጠይቃት ኖሮ አብሯት ይሄድ ነበር።

ሽማግሌ ሲያወራ

ሽማግሌና አሮጊት ያለፈውን ደጋግመው ሲያወሩ «ጃጁ» ማለት የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለዚህ ጉዳይ ጽሑፍ ባወጣ ጊዜ በሙያው ዘንድም ተመሳሳይ አመለካከት ነበር። በትለር ግን በዕድሜ ማምሻ ሕይወትን ወደ ኋላ ተመልሶ መቃኘት ጤናማና ተፈጥሯዊ ነው፤ ሰው ያልተቋጨውን የሚቋጨው፣ ከራሱም ጋር የሚታረቀው በዚህ መንገድ ነው ሲል ተከራከረ። ዛሬ በብዙ አገሮች አረጋውያንን የሚንከባከቡ ባለሙያዎች ፎቶ፣ መዝሙርና የድሮ ዕቃ እያቀረቡ ሆን ብለው ያስወራሉ።

የማስታወስ ችግር የጀመራቸው ወላጆች ያሏችሁም ተስፋ አትቁረጡ። የዛሬ ጠዋቱን ቁርስ የረሳች እናት የሠላሳ ዓመቱን ጉዞ ከነዝርዝሩ ልታወራ ትችላለች፤ የቆየው ትዝታ ብዙውን ጊዜ ከአዲሱ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። የእኛ የልጆቹ ትዝታ በአንፃሩ ጎደሎ ነው። አብዛኛው ሰው ከሦስትና ከአራት ዓመት ዕድሜው በፊት የሆነውን አያስታውስም፤ ከዚያ በኋላ ያለውም ብጥስጣሽ ነው። የእርጥብ ፎጣ ሽታ፣ የሚሪንዳ ጣዕም፣ የተቃጠለ ትከሻ እናስታውሳለን። ክሩን የያዙት ትልልቆቹ ናቸው።

እርግጥ የሁሉም ሰው የልጅነት ጉዞ ጣፋጭ አልነበረም። አባት ጠጥቶ የተበላሸ ሽርሽር፣ ከመንገድ የተመለሰ ጠብ የሚያስታውስ ሰው አለ። ሽርሽር የሚባል ነገር ሳያውቅ ያደገውም ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሂድና ተመልሰህ እየው» ብሎ መጫን ደግነት አይመስለኝም።

ለመሄድ ያሰባችሁ ግን ሁለት ሦስት ነገር ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ ከፍታው በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀቱም የዚያኑ ያህል ይጨምራል። አረጋውያን ውኃ ጥም ቶሎ ስለማይሰማቸው ሳይጠይቁ ስጧቸው። በመንገድ ላይ እያቆማችሁ እግራቸውን እንዲያፍታቱ አድርጉ። ፍል ውኃ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የደም ግፊትን በድንገት ሊያወርድና ሊያዞር ይችላል፤ የልብ ሕመም ያለበት ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ውኃው ሲያቃጥለው ላይታወቀው ስለሚችል ሌላ ሰው በእጁ ሳይለካ እግሩን አይንከር።

ሌላው የምግቡ ነገር ነው። እኛ አገልግሉን የሞላነው በፍቅር ነው፤ ይሁን እንጂ ሌሊት ተነስታ ዶሮውን የሠራችው የወንድሜ ባለቤት መሆኗን እናታችን ናት ያስተዋለችው። «አንቺ ደግሞ ውኃው ውስጥ ግቢ፣ ዛፉን እኔ እጠብቃለሁ» አለቻት። በሚቀጥለው ጊዜ ምሳ ከአዳማ ገዝተን ለመሄድ ተስማምተናል። ድፎው ይቅር የሚል ግን አልተገኘም፤ ወንዶቹ ይጋግሩት ተብሎ ተፈረደ።

ወላጆቻችሁ መንገድ የማይችሉ ከሆነ አልበሙን ወደ አልጋቸው ይዛችሁ ሂዱ። «ያ ቀን ደስ ይል ነበር አይደል?» ብሎ መጠየቅ «አዎ» ከማሰኘት አያልፍም። «ከእናንተ ጋር ማን ነበር? መኪናው የማን ነበር? ያን ቀን ምን አሳሰበሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውጭ ያለው ወንድም ወይም እህት በስልክ ካለም ይስማ። በፎቶዎቹ ጀርባ ላይ ስምና ዓመት በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ያልፋል። የእኛ አልበም ውስጥ ለምሳሌ ሻሽ ያሰረች አንዲት ሴት በሦስት ፎቶ ላይ አለች፤ ማናችንም አናውቃትም ነበር። ያኔ ምጣድ ስላልነበረን ምጣዷን በየዓመቱ የምታውሰን ጎረቤት ናት።

አባታችን በአንዱም ፎቶ ላይ የለም። ካሜራው የእሱ ስለነበር፣ የፊልሙን 36 ፎቶ በሙሉ የሚያነሳው እሱ ነበር። በ1981 ዓ.ም. በተነሳው በአንዱ ላይ ብቻ ፀሐይዋ ከበስተጀርባው ስለነበረች ጥላው ሣሩ ላይ ወድቋል። እናታችን መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ገለበጠችና የስድስታችንን ስም በተራ ጻፈች፤ ከሥሩ የአባታችንን ስም ጨመረች።