አምስተኛው ጎማ

ከጁባ ከተማ መካከል ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ጀበል ኩጁር የተባለው ድንጋያማ ተራራ ይታያል። ጀበል ማለት በዐረብኛ ተራራ ማለት ነው፤ በግርጌው ያለው ሰፈርና ገበያም ስሙን ከዚሁ ወስዶ ጀበል ይባላል። በተራራው ጥግ ሴቶችና ወንዶች ድንጋዩን በመዶሻ እየፈረካከሱ ለሕንፃ ሥራ የሚሆን ጠጠር ይሸጣሉ። ወደ ዬይ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በዚያው በኩል ስለ ሆነ፥ ከጭነት መኪና ላይ የሚንጠባጠበው ስለታም ስባሪ ለጎማ ምን ያህል ጠላት እንደ ሆነ ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

በጁባ በንግድ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። በጀበል ከሚኖሩ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ስንጠጣ የተነሣው ጨዋታ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆነን። ጨዋታውም፥ ቸርኬው በተለወጠ መኪና ውስጥ ትርፍ ጎማ መያዝ ይጠቅማልን ወይስ አይጠቅምም የሚል ነበር።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ቃላቱን እንይ። ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት ቸርኬ ይባላል። ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚያያዘው በብሎን ሲሆን፥ በብሎኑ ላይ እየዞረ የሚጠብቀው ዳዶ ነው። ጎማ የሚጠግነው ሠራተኛ ጎሚስታ፥ መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው መሣሪያ ክሪክ፥ ትርፉ ጎማ ደግሞ ስኮርታ ይባላል። ሁሉም ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። በሕንድ አገር ግን ትርፉን ጎማ ስቴፕኒ ይሉታል። ምክንያቱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 በዌልስ አገር፥ ላኔሊ በምትባል ከተማ፥ በስቴፕኒ መንገድ ይሠሩ የነበሩ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች ትርፍ ቸርኬ አዘጋጅተው ለገበያ ስላቀረቡ ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ነጂ ጎማው ሲፈነዳበት ከመንገድ ዳር ተቀምጦ እዚያው መጠገን ነበረበት።

አሁን ወደ ወዳጃችን ታሪክ እንመለስ። እኒህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቶዮታ ፕራዶ ገዙ። መኪናው ያገለገለ ቢሆንም ያማረ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው ግን የፊተኛው ባለቤት ከፋብሪካ የመጣውን ቸርኬ አውጥቶ ያስገባለት ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ነው። ከኋላው በር ላይ የተሰቀለው ስኮርታ ግን የቀድሞው የፋብሪካ ቸርኬ እንደ ሆነ ቀርቷል። ወዳጃችን ስኮርታ መኖሩን ካዩ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቁም። እኛም በእርሳቸው ቦታ ብንሆን ኖሮ አንጠይቅም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው፥ ልጆቹን ኡጋንዳ ወደሚገኘው ትምህርት ቤታቸው ለማድረስ በኒሙሌ መንገድ ተጓዙ። ይህ መንገድ 192 ኪሎ ሜትር ሲሆን በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ አስፋልት ለብሶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ተጠናቀቀ። መንገዱ መልካም ቢሆንም ሥጋት ያልተለየው ነው፤ በ2021 ነሐሴ ወር ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት በዚሁ መንገድ ላይ ሲጓዙ በታጣቂዎች ተገድለዋል። ስለዚህ በመንገዱ ዳር ያለ ምክንያት የሚቆም ሰው የለም።

እኩሌታውን መንገድ እንደ ሄዱ የኋላው ጎማ ጎኑ ተቀዶ ተነፈሰ። ወዳጃችን ክሪኩን አውጥተው መኪናውን አነሡ፤ ስኮርታውን አወረዱ፤ በብሎኖቹም ላይ በቀላሉ ገባላቸው። ዳዶዎቹን ሲያጠብቁ ግን ቸርኬው ይወዛወዛል። ደግመው አጠበቁ፤ እንደዚያው ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ አዲሱ ቸርኬ የሚታሠረው አፉ እንደ ጋን ግርጌ በሾለ ዳዶ ሲሆን፥ የፋብሪካው ቸርኬ ቀዳዳ ግን ዙሪያው ጠፍጣፋ በሆነና ቀለበት ባለው ዳዶ እንዲያዝ የተሠራ ነው። የሾለው ዳዶ በጠፍጣፋው ላይ በጠርዙ ብቻ ይነካል እንጂ አይቀመጥም። ትክክለኞቹ ዳዶዎች ቸርኬው በተለወጠበት ቀን በጎሚስታው ቤት ወድቀው ቀርተዋል።

ሦስት ሰዓት ያህል ቆሙ። ትንሹ ልጅ ውሃ ጠየቀ፤ ውሃውም አለቀ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቸርኬው ያልተለወጠ ሌላ ፕራዶ ደርሶ ቆመላቸው። ነጂው ብልህ ሰው ኖሮ፥ ከራሱ አራት ጎማዎች ከእያንዳንዱ አንዳንድ ዳዶ ፈትቶ አራት ዳዶ ሰጣቸው። የፕራዶ ጎማ ስድስት ብሎን ስላለው፥ ለአንዱ አምስት ለሌላው አራት ደርሶ ሁለቱም መኪናዎች ተከታትለው በዝግታ ኒሙሌ ገቡ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ዐይነት አስተያየት ሲሰጥ ሰምተናል። አንዳንዱ፥ «እንግዲህ ስኮርታው ካልረዳ ክብደቱን መሸከም ለምን? የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ የአየር መንፊያ መያዝ ይበቃል» ይላል። በእርግጥም ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች አዲስ መኪና ሲሸጡ በስኮርታው ፈንታ ይህንን ይሰጣሉ። ነገር ግን ፈሳሹ የሚደፍነው በመርገጫው ላይ በምስማር የተበሳውን ቀዳዳ ነው፤ ጎኑ የተቀደደውን አይመልስም። ጎሚስታ በየማዕዘኑ በሚገኝበት በአዲስ አበባ ይህ አሳብ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል። ከጀበል ወጥቶ ለሚሄድ የቤተ ሰብ አባት ግን ከቶ አንመክረውም።

በእኛ አስተያየት ቸርኬ የሚለውጥ ሰው አምስት መለወጥ ይገባዋል እንጂ አራት አይደለም። ዋጋው ከከበደው የቀድሞውን ቸርኬ ከነዳዶዎቹ ያስቀምጥ። ሆኖም ዳዶው ብቻ አይበቃም፤ የጎማው ቁመትም አለ። ለምሳሌ የፋብሪካው ጎማ 265/65 ባለ 17 ቢሆንና ባለቤቱ 285/70 ባለ 17 ቢያስገባ፥ አዲሱ ከአሮጌው በቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይበልጣል። በአንድ በኩል ትልቅ በሌላው በኩል ትንሽ ጎማ የያዘ መኪና በቀጥታ መንገድ እንኳ ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይሞቃል፤ ይበላል። ሁልጊዜ በአራት ጎማ በሚነዳው በፕራዶ ላይ ደግሞ የመካከለኛውም ዲፈረንሻል እንደዚሁ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ስኮርታ እስከ ቅርብ ጎሚስታ በዝግታ ለመድረስ ብቻ ነው።

ከጎረቤት መዋስም የሚመስለውን ያህል አይቀልም። የፕራዶና የሃይሉክስ ቸርኬ ስድስት ቀዳዳ ሲኖረው የትልቁ ላንድ ክሩዘር 200 ግን አምስት ነው። ፍሬኑ በትልቅ የተተካ መኪና ሲሆንም፥ የቀድሞው ትንሽ ቸርኬ ከፍሬኑ ጋር ተጋጭቶ ላይዞር ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ስኮርታውን በቤት ግቢ አንድ ቀን ገጥሞ በመሞከር ነው። ጎማው ከፍ ያለ መኪና የቀድሞው ክሪክ ላይደርስለት ስለሚችል እርሱም በዚያው ይፈተናል። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በኋላ በር ላይ የጁባ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ጎማ ሳይነዳም ያረጃል።

በወዳጃችን ግቢ ይህን ፈተና ያደረጉት ባለቤታቸው ናቸው። እርሳቸው ቁጥር ሲያነቡ እመቤቲቱ ክሪኩን ያዙ፤ ትልቁ ልጅም ዳዶ ቆጠረ። ከገበያ ተፈልገው የተገኙት ስድስት ጠፍጣፋ ዳዶዎች ዛሬ በአንድ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው ከነጂው ወንበር ሥር ተቀምጠዋል። ለመሰነባበት ስንነሣ እመቤቲቱ ቆርቆሮውን አውጥተው እያንኳኩ አሳዩን።